መንኮራኩሩን ማን ያዙረው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የሀገራችን ሰው። ስለ መርከብ ሞተር በሚያወሳ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ይህን ተረት ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከማይሞላ አንድ ሞዴል መርከብ ነው፤ የሚደርሰው ግን ጣና ሐይቅ ዳር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሞምባሳ የሚኖሩ፣ የሥራ ዘመናቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ያሳለፉ አንድ ኢትዮጵያዊ ጡረተኛ አሉ። እኔ ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ባለመንኮራኩር መርከቦች የተጻፉ የእንግሊዝኛ ገጾች ሰጥተውኝ፣ «የሞተር ክፍሉን እንግሊዝኛ አውቀዋለሁ፤ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ግን ይዞረኛል። አንተ በአማርኛ አድርግልኝ» አሉኝ። ዌቨርሊ የተባለችውን የስኮትላንድ መርከብ በ25 እጥፍ አሳንሰው፣ በሬዲዮ ከርቀት የምትታዘዝ አድርገው እየሠሩ ነበር። ዌቨርሊ በ1946 ወደ ውኃ የወረደች፣ በ1947 አገልግሎት የጀመረችና መንገደኛ ጭነው ባሕር ከሚወጡ ባለመንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች የመጨረሻዋ ናት። ርዝመቷ 73 ሜትር ያህል ስለሆነ ሞዴሉ 2 ሜትር ከ92 ይሆናል። ቀፎው አልቋል፤ በግራና በቀኝ የሚገጠሙት ሁለት መንኮራኩሮችም ተሠርተዋል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መንኮራኩሮቹን ምን ያዙራቸው? በአንድ ሞተር ሁለቱን አንድ ላይ፣ ወይስ ለእያንዳንዱ የራሱን ሞተር?

አንድ ዘንግ ወይስ ሁለት?

ጥያቄው የሞዴል ሠሪ ብቻ አይደለም፤ የመርከብ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት የኖረ ነው። ዊልያም ሲሚንግተን በ1803 ሻርሎት ደንዳስ በተባለች መርከብ በስኮትላንድ ቦይ ላይ ሁለት ጀልባዎችን ሲጎትት መንኮራኩሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በመርከቧ የኋላ ክፍል የተተከለ። ሮበርት ፉልተን በ1807 ከኒውዮርክ ወደ አልባኒ የተጓዘበት መርከብ ግን መንኮራኩሮቹን በጎንና በጎን ነበር የያዘው። በ1812 በክላይድ ወንዝ ሥራ የጀመረችው የሄንሪ ቤል ኮሜት ደግሞ በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎኗ ሁለት፣ በድምሩ አራት መንኮራኩሮች ተገጥመውላት፣ ቆይቶ ወደ ሁለት ተቀንሰዋል። መጠኑም አቀማመጡም በሙከራ የተገኘ እንጂ አስቀድሞ የታወቀ አልነበረም።

መንኮራኩሩ ራሱ ተወዳዳሪ ገጠመው። በሚያዝያ 1845 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ፕሮፔለር ያላትን ራትለርን ባለመንኮራኩር ከሆነችው አሌክቶ ጋር ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስሮ አጓተታቸው። ራትለር ተቃዋሚዋን ከ2 ኖት በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ኋላ ጎተተቻት። ከዚያ በኋላ ውቅያኖሱ ቀስ በቀስ የፕሮፔለር ሆነ። መንኮራኩሩ ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ቦታውን አልለቀቀም፤ ፕሮፔለር እንዲሠራ ጠልቆ መግባት አለበት፣ መንኮራኩር ግን ውኃውን ከላዩ ይቀዝፋል። በክረምት ባሮ ወንዝ ሲሞላ ከሱዳን ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት፣ መንኮራኩራቸው ከኋላ የተተከለ የእንፋሎት መርከቦችም የዚሁ ወገን ነበሩ።

በጎንና በጎን መንኮራኩር ያላቸው መርከቦች ለሁለት ተከፈሉ። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ለእያንዳንዱ መንኮራኩር የራሱን ሞተር መስጠት የተለመደ ሆነ። ካፒቴኑ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ሲያዝ መርከቡ ባለበት ይዞራል፤ በጠባብና በጠማማ ወንዝ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በብሪታንያ የመንገደኛ መርከቦች ግን የተለመደው ሁለቱን መንኮራኩሮች በአንድ የማይነጣጠል ዘንግ ማሰር ነበር። ምክንያቱ ሰው ነው። መንገደኛው አንድ ነገር ለማየት በአንድ ጎን ሲሰበሰብ መርከቡ ያዘነብላል፤ ያኛው መንኮራኩር ጠልቆ ይከብደዋል፣ ይኸኛው ከውኃው ወጥቶ ይቀለዋል። ሁለቱ በየራሳቸው ቢዞሩ የቀለለው ይፈተለካል፣ የከበደው ይዘገያል፤ መርከቡም ከመሪው ትእዛዝ ይወጣል። በአንድ ዘንግ ከታሰሩ ግን እኩል ከመዞር በቀር ምርጫ የላቸውም። ዌቨርሊም እንዲህ ናት፤ ባለሦስት ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተሯ አንዱን ዘንግ ብቻ ያዞራል።

ጎታች መርከቦች ሌላ መንገድ ያዙ። መንገደኛ የላቸውም፤ ሥራቸውም በወደብ ውስጥ መጠማዘዝ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ መንኮራኩሮቻቸውን መነጣጠል ይችሉ ነበር። የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ መጨረሻ ግዙፍ የአውሮፕላን ተሸካሚዎችን የሚጎትቱ ሰባት ባለመንኮራኩር መርከቦች ሲያሠራ፣ በናፍጣ ሞተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መንኮራኩሮቹን በየራሳቸው የሚያዞር ሥርዓት መረጠ። በባትሪና በሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ሞዴል የሚሠራ ሰው የሠራው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እነዚህን ገጾች ተርጉሜ ሳነብላቸው ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያው ዌቨርሊ አንድ ዘንግ የያዘችው ለሰዎቹ ብላ ነው» አሉ። «በእኔ መርከብ ላይ ግን ሰው የለም።»

የፍሩድ ሚዛን

ሁለተኛው ጥያቄ ፍጥነት ነበር። የዌቨርሊ መንኮራኩሮች በሙሉ ጉዞ በደቂቃ 50 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ። ሞዴሉ በስንት ይዙር? በ50 ቢዞር መርከቧ የምታንቀላፋ ትመስላለች። በ25 ተባዝቶ 1250 ይሁን ቢባል ደግሞ መንኮራኩሩ አረፋ ከማንሣት አያልፍም።

መልሱን የሰጠው ዊልያም ፍሩድ ነው። ፍሩድ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀገር ቶርኪ በተባለች ከተማ ረጅም የውኃ ገንዳ አሠርቶ፣ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ በመለካት የትንሹ መርከብ ሞገድ የትልቁን የሚመስለው በምን ፍጥነት እንደሆነ አሳየ። በሕጉ መሠረት ሞዴል 25 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ የሚያንሰው በ25 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ5 ነው። የመንኮራኩሩ ዙር ግን በዚያው በ5 ይጨምራል። ስለዚህ የዌቨርሊ 14 ኖት ወደ 2.8 ኖት ይወርዳል፤ ይህም ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው እርምጃ ነው። መንኮራኩሩም በደቂቃ 250 ጊዜ ይዞራል።

ከሁሉ ያስገረመኝ የጉልበቱ ነገር ነው። የዌቨርሊ ሞተር 2100 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚሁ ሕግ ሲሰላ ሞዴሉ የሚያስፈልገው 20 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከአንዲት ደብዛዛ አምፖል አይበልጥም። በኩሽኔታውና በማርሹ ሰበቃ የሚባክነው ሲታሰብ ሁለትና ሦስት እጥፍ መያዝ ይበጃል፤ ያም ቢሆን ትንሽ ነው። የጎደለው ጉልበት አይደለም። ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ መንኮራኩሩ በትክክለኛው ዙር ማድረስ ነው ችግሩ።

የጋራዥ ወዳጆቻቸው የመኪና መስተዋት መጥረጊያ ሞተር አቅርበውላቸው ነበር። ጠንካራ ነው፣ በ12 ቮልት ይሠራል፣ በየቦታውም ይገኛል። ነገር ግን በውስጡ ባለው ማርሽ ዙሩ ወደ 50 እና 60 ግድም ወርዷል፤ 250 ለማድረስ ዝቅ የተደረገውን መልሶ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ አንድ ሞተርና እንደ መኪና ዲፈረንሻል ያለ ነገር እንዲያስገቡ መከራቸው። ጋሼ ሳቁ፤ አንድ ጎማው ጭቃ የገባበት መኪና ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያንን አይሞክረውም። ከውኃ የወጣው መንኮራኩር ጉልበቱን ሁሉ ይዞ በባዶ ይሽከረከራል።

በመጨረሻ በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞሩ ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮች መረጡ። ዙሩ 12 ጊዜ መቀነስ ነበረበት፤ በመጀመሪያ በ3፣ ቀጥሎ በ4። ማርሽ ይጮኻል፤ ካቴና በጨው ውኃ ፍንጣሪ ይዝጋል፤ ስለዚህ ጥርስ ያለው ቺንጋ ተመረጠ። ሬዲዮው በሙሉ ጉዞ ሁለቱን ሞተሮች እኩል ያዛቸዋል፤ የሚለያያቸው በዝግታ ሲዞሩ ብቻ ነው። በባሕር እንደ ዌቨርሊ፣ በወደብ እንደ ጎታች መርከብ ማለት ነው።

የጣናው መንኮራኩር

ሥራው ሲጀመር ግን ጋሼ ሞተሩን አላነሡም። ሁለት ቀን ሙሉ የፈጀባቸው አንድ የአሉሚኒየም መቀመጫ ነበር፤ ሞተሮቹ፣ ቺንጋዎቹና የዘንጎቹ ኩሽኔታዎች ሁሉ በእሱ ላይ ይታሰራሉ። ለምን በቀጥታ በቀፎው ላይ እንደማይተክሏቸው ብጠይቃቸው፣ «ቀፎ ይተነፍሳል፤ ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ ሞገድ ያጣምመዋል። መሠረቱ ከተንቀሳቀሰ ዘንጉ ይታነቃል» አሉኝ።

ያኔ ነው ሐሳቤ ወደ ጣና የሄደው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 በጣና ሐይቅ ላይ ያደረጉትን ሙከራ ከእስረኞቻቸው አንዱ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። ንጉሠ ነገሥቱ የእንፋሎት መርከብን እንዲመስሉ ከደንገል የተሠሩ ሁለት ሰፋፊ ታንኳዎችን አሠሩ፤ የእንጨት ወለል ተነጠፈላቸው፣ በእጅ እየተዘወሩ የሚዞሩ መንኮራኩሮችም ተገጠሙላቸው። ሙከራው ለዘለቄታ አልሆነም። ይህን ምዕራፍ ከዓመታት በፊት ስተረጉም በራሴ ማብራሪያ ላይ «መጫወቻ» የሚል ቃል ጽፌ ነበር። ቃሉ የብላንክ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ሠራሁት። የኮሜት ሞተር 3 ወይም 4 የፈረስ ጉልበት ይባልለት ነበር። አንድ ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ ሲሠራ የአንድ ፈረስ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህል ይሰጣል። 40 ሰው በአንድ ጊዜ ቢዘውር የኮሜትን ጉልበት ይተካከላል። በሐሳቡ ውስጥ የሚያስቅ ነገር የለም።

ያልነበረው መሠረቱ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ይታጠፋል፤ በላዩ የተቀመጠ ዘንግ ቀጥ ብሎ ሊቆይ አይችልም። በብሪታንያ ከኮሜት ጀርባ ሞተሩንና ማፍሊያውን የሠሩ፣ ብረት የሚያቀልጡና የሚሞርዱ ሙያተኞች ነበሩ። ንጉሡ ይህን ሳይረዱት የቀሩ አይመስለኝም፤ በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ሙያተኞችና መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ነበር። ሙያተኞቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ እስረኞቹ ባለመለቀቃቸው ሳያልፉ ተመለሱ። ለዚህ የንጉሡ የራሳቸው ድርሻ እንዳለበት አይካድም። ቢሆንም መንኮራኩሩ ሞተሩን ጠብቆ ሞተሩ ሳይመጣ ቀረ ማለት ሌላ ነው፤ ንጉሡ በመጫወቻ ተጫወቱ ማለት ሌላ።

ሞዴሏ ባለፈው ወር በባሕሩ ክንድ ላይ ተሞከረች። ሁለቱ ሞተሮች ፍጹም እኩል ስላልሆኑ ትንሽ ወደ ግራ ታደላለች፤ ጋሼ በመሪው ያርሟታል። እኔም ቤቴ ገብቼ የድሮውን ትርጉሜን አወጣሁ። «መጫወቻ» የሚለውን ሰርዤ በምትኩ «ሞተር ያልደረሰለት መርከብ» ብዬ ጻፍሁበት።