የቁራሽ እንጀራና የዕውቀት ዋጋ

ትምህርት ያለ ወጪ አይገኝም፤ ነገር ግን ወጪውን ማን ይከፍላል፥ ለማንስ ይከፈላል የሚለው ነገር ሊመረመር ይገባዋል።

በቀደመው ዘመን የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፥ ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ስሟ በመዝገብ ያልተጻፈ የትምህርት ግምጃ ቤት ነበረች። በዚያ ቁራሽ ሕፃኑ ፊደል ይቈጥር፥ ጐልማሳው ቅኔ ይቀኝ፥ ሽማግሌውም መጻሕፍትን ይመረምር ነበር። ስለዚህ ትምህርት ዕድሜ አልነበረውም። ሆኖም ሴት ልጅ በጉባኤው አልፎ አልፎ ካልሆነ አትገኝም ነበር፤ ቀጥቃጩና ሸማኔውም አገር በእጃቸው ሥራ እየኖረ ይሰደቡ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቆሙ፥ የካህናቱን ሥጋት ለማስታገሥ መምህራኑን ከግብጽ ቅብጦች አስመጡ። በዚያው ዓመትም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። እንግዲህ ቀለምና ጥበበ እድ በአንድ ዘመን ክብር አገኙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም በ1917 ዓ.ም. ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ገበሬው ቀድሞ በፈቃዱ በቁራሽ ይሰጥ የነበረውን አሁን በሕግ ሰጠ። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የሚበዛው በከተማ ስለ ነበረ፥ ብዙ ጊዜ ከፋዩ ሌላ፥ ተማሪው ሌላ ሆነ። ይህን ጕድለት ለመሙላት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሣ፤ ሽማግሌውና አሮጊቷ በየቋንቋቸው ፊደል ቈጠሩ፥ በማግሥቱም ዓመት ዘመቻው ከዩኔስኮ ተሸለመ። ዳሩ ግን ከፊደል በኋላ የሚያነበው መጽሐፍ ያጣ ሰው የተማረውን ረሳ። ዘር ዘርቶ ያላረመ፥ አዝመራ አይጠብቅም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ባለችው በሀና ማርያም፥ በቀድሞው የእርሻ ምድር ላይ ቤት ቆሞበታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የአርባ ዓመት ገበሬ ማረሻውን ሲያስቀምጥ፥ ልጁን ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ ለእርሱም ሌላ ጥበብ ሊገኝለት ይገባል። የጥንቱ ጉባኤ ጐልማሳውን «ጊዜህ አለፈ» ብሎ ከደጅ አልመለሰም፤ ግብር የሚሰበስብ መንግሥትማ ይልቁን ሊመልሰው አይገባም።