ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና፦ የእንግሊዝኛ ክፍል ሲዘጋና ሲከፈት

በጋርላንድና በአካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ በጥገኝነት ይምጣ በዲቪ፣ በቤተሰብ ይምጣ በተማሪ ቪዛ፣ ቀድሞ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። ሥራ ለማመልከት፣ ሐኪም ለማነጋገር፣ የልጅን አስተማሪ ለመጠየቅ፣ ኮሌጅ ለመግባት ቋንቋው የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ይህ በር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ። በኋላ ተከፍቷል፤ ይሁንና ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ሀገሩን ትቶ፣ ከፍሎ ሊማር የመጣው ወጣት ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነና ምን ሊደረግ እንደሚገባ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል።

የኅዳር በሽታና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች

ለኢትዮጵያዊ ወረርሽኝ አዲስ ነገር አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1918) ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲደርስ በከተማዋ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት ልማድም ከዚያ መቅሠፍት ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል።

በዚያን ዘመን ወደ ዘመናዊ ትምህርት የሚያስገባው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ነበር። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የሚመራው ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሲሆን ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግን ለእንግሊዝኛም ቦታ ሰጠ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እኒህ ሰው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1868 ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው በህንድ ያደጉ፣ እንግሊዝኛን ከአማርኛ ይልቅ አሳምረው የሚያውቁ፣ ሀገራቸውን በጉልምስና የተዋወቁ ነበሩ። በዛሬው አነጋገር የዲያስፖራ ልጅ ማለት ናቸው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መላኩ በያንና ጓደኞቹ ወደ አሜሪካ ተልከው በኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። መላኩ በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተማረውን እንግሊዝኛ ለሀገሩ መሣሪያ አደረገው፤ በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፣ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘውን ጋዜጣ በእንግሊዝኛ አሳተመ። በ1940 በስደት እንዳለ አረፈ። አንድ የውጭ ተማሪ ቋንቋ ሲማር የሚጠቀመው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከጠላት ወረራ በኋላ

ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በተለይ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ወዲህ የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። ነፃነት ሲመለስ መምህርም መጽሐፍም አልነበረም። መንግሥት ያን ጊዜ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ አድርጎ መረጠ። በ1943 በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል ይመራ የነበረው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በ1950 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳዊው አባ ሉሲየን ማት ነበሩ፤ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰው፣ በአማርኛ ሀገር፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮሌጅ አቆሙ። በ1962 ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት ደርሰው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው ብዙ የዳላስ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የሰሙት ከእነዚህ ወጣት መምህራን አፍ ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ከወረራው በኋላ የእንግሊዝኛ ትምህርት በአጭር ጊዜ ያንሰራራው በተማሪው ኪስ አልነበረም። ክፍሉን፣ መምህሩን፣ ለብዙዎችም አልጋና ምግቡን መንግሥትና የውጭ ዕርዳታ ችለውት ነው። የተሰበረ ነገር በነፃ አይጠገንም፤ አንድ ሰው ወጪውን መሸከም ነበረበት።

ሁለት በሮች

ከ1974 አብዮት በኋላ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ፤ ቀይ ሽብር ተከተለ። በሺህ የሚቆጠር ወጣት ትምህርቱን አቋርጦ በሱዳን በኩል ተሰደደ። የአሜሪካ የ1980 የስደተኞች ሕግ ለእነዚህ ወገኖች በር ሲከፍት የእንግሊዝኛ ሥልጠናን ከማቋቋሚያው ዕርዳታ ጋር በግልጽ አያይዞ ነበር። በ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረው ዲቪ ደግሞ ሌላ ማዕበል አመጣ። ስደተኛውም ሆነ የዲቪ ባለዕድሉ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄደውን የጎልማሶች የማታ ክፍል ያለ ክፍያ የመማር መብት አለው።

ለውጭ ሀገር ተማሪ ግን በሩ ሌላ ነው። በ1996 የወጣው ሕግ የኤፍ ዋን ቪዛ የያዘ ተማሪ በሕዝብ ገንዘብ በሚካሄድ የጎልማሶች ትምህርት እንዳይመዘገብ ይከለክላል፤ ይህን የጣሰ ከአሜሪካ ውጭ 5 ዓመት ሳይቆይ እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ከፍሎ መማር አለበት። ደንቡ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት ቢያንስ በሳምንት 18 ሰዓት እንዲሆን ያዛል። በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ውጭ መሥራት አይፈቀድም። ኮሌጅ የጨረሰ ተማሪ የሚያገኘው የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ፈቃድም ለቋንቋ ተማሪ የለም። በሌላ አነጋገር፣ ቋንቋ ሊማር የመጣው ወጣት ከሁሉም የውጭ ተማሪዎች ይልቅ በቀጭን ገመድ ላይ የሚሄድ ነው።

ገመዱ ሲበጠስ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ሳምንት የቴክሳስ አስተዳዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ፤ የዳላስ ካውንቲ ነዋሪም ከማርች 23 ቀን ጀምሮ በቤቱ እንዲቆይ ታዘዘ። ትምህርት ወደ ኮምፒውተር ገባ።

በቀድሞው ደንብ የቋንቋ ተማሪ በኢንተርኔት የሚወስደው ትምህርት ከሚፈለግበት ሰዓት አይቆጠርለትም ነበር፤ በማርች 2020 ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ጁላይ 6 ቀን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚማር የውጭ ተማሪ ሀገሩን ይግባ የሚል መመሪያ ወጣ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ መመሪያው ጁላይ 14 ቀን ተሻረ። ለስምንት ቀናት ግን በመላው አሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ሻንጣ ይሸከፉ ወይስ ይቆዩ እያሉ እንቅልፍ አጥተው ከረሙ።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነበር። በማርች 2020 የወጣው የኬርስ ሕግ ለኮሌጅ ተማሪዎች አስቸኳይ ድጎማ ሲመድብ የትምህርት ሚኒስቴር የውጭ ተማሪዎች እንዳያገኙ ወሰነ፤ ይህ የተለወጠው በሜይ 2021 ነው። ከኮሌጅ ውጭ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩት የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት የተመደበው ገንዘብ አልደረሳቸውም፤ የቀራቸው እንደማንኛውም ሱቅ ለደመወዝ መክፈያ የሚሰጠውን ብድር ማመልከት ነበር። በብሪታኒያም ኢንግሊሽ ዩኬ የተባለው የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ለሆቴልና ለመዝናኛ የተፈቀደው የግብር እፎይታ ለትምህርት ቤቶቹም እንዲሰጥ ሲጮኽ ቆይቷል። መንግሥታት እነዚህን ቤቶች ነጋዴ ሲሉ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ሲሉ ነጋዴ አደረጓቸው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2019/20 የትምህርት ዓመት 1,075,496 የነበረው በአሜሪካ ያለ የውጭ ተማሪ በ2020/21 ወደ 914,095 ወረደ፤ አዲስ ገቢው ተማሪ በ46 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የቋንቋ ትምህርት ቤት የሚኖረው ደግሞ በአዲስ ገቢ ተማሪ ነው። ብዙዎች ተዘጉ፤ በሰዓት የሚቀጠሩ ልምድ ያላቸው መምህራን ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

በሀገር ቤት የነበረው ወጣትም ችግሩ ድርብ ሆነበት። የቶፍል ፈተና ከቤት እንዲወሰድ ቢፈቀድም ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ወረርሽኙ የዘጋውን ትምህርት ቤት ጦርነቱ ቆልፎት እስከ 2023 ቆየ። በ2022 ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሀገር ደነገጠ። ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑ አይዘነጋ። በእነዚያ ዓመታት የተማረው ወጣት ወደ ቴክሳስ ሲመጣ ጉድለቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ለወረርሽኙ የተሰጠው ልዩ ፈቃድ በሜይ 2023 አበቃ። የቋንቋ ተማሪ እንደገና በአካል ክፍል መገኘት ግዴታው ሆነ።

ከጋርላንድ ምን ይጠበቃል

ጋርላንድ ዕድለኛ ከተማ ናት። በ1972 የተከፈተው ሪችላንድ ቅርብ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ከሌሎቹ የካውንቲው ኮሌጆች ጋር ዳላስ ኮሌጅ በሚል አንድ ስም ተጠቃልሏል። ኮሌጁ በራሷ በጋርላንድም ማዕከል አለው። የጎደለው ተማሪውን ደግፎ እዚያ የሚያደርስ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ድጋፍ ትክክለኛ መረጃ ነው። «ነፃ ክፍል አለ፣ ተመዝገብ» ብሎ የኤፍ ዋን ተማሪን ወደ ጎልማሶች ትምህርት የሚልክ ዘመድ፣ «እጅ በእጅ እከፍልሃለሁ» ብሎ ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ባለሱቅ፣ ሁለቱም ደግ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የልጁን ቪዛ ገደል ሊከቱት ይችላሉ። ክፍያ ያቃተው ተማሪ ክፍል ከማቋረጡ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ እንዲያነጋግር መምከር ግን ምንም አያስከፍልም። በከባድ የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ከአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በኋላ የሚቻልበት መንገድ መኖሩን የማያውቁ ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ለልቅሶ የሚደርስ እድር፣ ለሱቅ መክፈቻ የሚሰበሰብ እቁብ ያለው ማኅበረሰብ፣ ለአንድ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ የሚያበድር ትንሽ ሣጥን ማቋቋም አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። ሀገር ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው እዚህ ጡረታ የወጡ ወገኖች በየሰፈሩ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከስብከት በኋላ አዳራሽ ተከፍቶ ለሁለት ሰዓት ንግግርና ንባብ ቢለማመዱ ከ18ቱ ሰዓት አይቆጠርም፤ ለፈተና ግን ያዘጋጃል፣ ብቸኝነትንም ያባርራል።

ከኅዳር በሽታ የተረፈው ትውልድ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከወረራ የተረፈው ዩኒቨርሲቲ አቆመ። ከኮሮና የተረፈው የጋርላንድ ኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ አንድ ሣጥን፣ አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት አስተማሪዎች። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳያልፍ ይጀመር።