ጥያቄው የማን ነው?

«128 ተማሪ ያስፈልገኛል» አለኝ አንድ መምህር ወዳጄ፤ የጥናት ንድፉን እንዳይለት ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ።

«ክፍልህ ውስጥ ስንት አሉ?»

«54።»

«ታዲያ 128 ማን አለህ?»

«ፕሮግራሙ ነዋ!»

ፕሮግራሙ አልዋሸም። በተለመደው የ5 በመቶ የስህተት ገደብ ሁለት ቡድን ለማወዳደር፣ መካከለኛ ልዩነት ከተጠበቀና ልዩነቱን የማግኘት ዕድሉ 80 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ይላል ስሌቱ። ወዳጄ ግን የሚያወዳድረው ቡድን የለውም። እሱን የጨነቀው ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ደብተር ለምን ባዶ እንደሚሆን ነው።

ነገሩ ታሪክ አለው። ኩርት ሌዊን ስለ ተግባራዊ ምርምር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በ1953 የኮሎምቢያው ስቲቨን ኮሪ ሐሳቡን ወደ ትምህርት ቤት አስገባው፤ መምህሩ የገዛ ክፍሉን ይመርምር አለ። እኛም ጋ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን አሠልጣኞች ሃየር ዲፕሎማ ይህንኑ ምርምር በሥልጠናው ውስጥ አካቶታል።

መሣሪያዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ1968 ኖርማን ናይና ሁለት ባልደረቦቹ በስታንፎርድ የሠሩት ኤስፒኤስኤስ ሥራው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መቁጠርና ማስላት ነበር። በ1990ዎቹ ጀርመኖቹ በነፃ ያቀረቡት ጂ ፓወር አንድ እርምጃ ወደፊት ቀደመ፤ መረጃው ሳይሰበሰብ ስንት ሰው እንደሚበቃ ነገረን። ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ መጠይቁን ብቻ ሳይሆን የምርምር ጥያቄውንም ይጽፍልናል። ልብ ካላችሁ፣ መሣሪያው ከምርምሩ ጅራት ተነስቶ ወደ ራሱ እየወጣ ነው።

እኔ መሣሪያ አልጠላም። ስንት ሌሊት ሠንጠረዥ በእጄ ሳሰምር ያደርኩ ሰው፣ ቢገላግለኝ ምን ከፋኝ? ግን ልጆቹን የሚያውቃቸው መምህሩ ነው። ማሽኑ ጥያቄውን ከነጠቀው፣ ያ ከኋላ ያለው ልጅ ጠያቂ አጣ ማለት ነው።

«ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» አልኩት ወዳጄን፤ «እስቲ መጀመሪያ ከኋላ ሄደህ ተቀመጥ።»

በሳምንቱ ደወለ።

«ተቀመጥኩ» አለኝ። «ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ታርፋለች። ከዚያ ሆኖ አንድ ፊደል አይታይም!»

«ስንት ናሙና ፈጀብህ?»

«አንድ» አለና ሳቀ። «እኔ።»