የአማተር ቡጢ ለፕሮፌሽናሉ ምን ያህል ስንቅ ይሆናል?

ሰሞኑን አንድ የቀራንዮ ወጣት ቦክሰኛ ውል ይዞ ቢሮዬ መጣ። የአማተር ግጥሚያዎቹ አሥር አይሞሉም፤ ውሉ ግን ውጪ አገር ወስዶ በፕሮፌሽናልነት ሊያጋጥመው ነው። «ጋሼ፣ ልፈርም?» አለኝ።

የኦሊምፒክ ቡጢ ሦስት ዙር ነው፤ የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ደግሞ አሥራ ሁለት። በአማተርነቱ 396 ጊዜ አሸንፎ አንዴ ብቻ እንደተሸነፈ የሚነገርለት ዩክሬናዊው ቫሲሊ ሎማቼንኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሁለተኛው የፕሮፌሽናል ግጥሚያው በኦርላንዶ ሳሊዶ ተረታ። በዚያው ዓመት በሦስተኛው ግን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አሜሪካዊው ዲዮንቴ ዋይልደር በበኩሉ ቡጢ የጀመረው በ20 ዓመቱ ሲሆን በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘ። የአማተር ልምዱ አጭር ነበርና በ2015 የሻምፒዮንነት ቀበቶ ላይ የደረሰው 32 ግጥሚያዎችን ካሸነፈ በኋላ ነው። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ለፕሮፌሽናሎች ሲከፈት ደግሞ የገቡት ሦስቱ ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ።

ስለዚህ አማተርነት ለዋንጫ ዋስትና አይሆንም፤ ስህተት በርካሽ የሚታረምበት ትምህርት ቤት ግን ነው። ያልተማረበት ሰው ትምህርቱን በፕሮፌሽናል መድረክ፣ በገዛ ጭንቅላቱ ይከፍላል።

አገራችን እስከ ዛሬ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ የአትሌቲክስ ነው። ቦክሰኞቻችን ከድፍረት ይልቅ የሚያንሳቸው ግጥሚያ ነው።

ውሉን ሳነበው ተጋጣሚው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዙር እንደሚጫወት፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው አይገልጽም። «እነዚህ ሦስቱ ይጻፉና ተመለስ፤ እስከዚያ እዚሁ ተጋጠም» አልኩት።