የደሴ ወላጅ የመረጠው ዩኒቨርሲቲ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን በደሴና በኮምቦልቻ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛውን አንደኛ አድርገህ ሞላህ?» የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል በሚሰፍሩበት በዚያ ቅጽ ላይ አንዳንዱ ስም ከዓመት ወደ ዓመት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትናንት ሁሉ ይመኘው የነበረው ሌላው ስም ደግሞ ሳይታሰብ ይወርዳል። ይህን የሚያዩ ሰዎች ነገሩን እንደ ልብስ ስፌትና እንደ ፀጉር አቈራረጥ ወረት ይቈጥሩታል፤ ወላጁም አንዱ አንዱን እየተከተለ የሚነዳ ይመስላቸዋል። እኛ ግን የወሎን የትምህርት ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ስንመለከተው ፍርዱ እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ዝናው በድንገት የመጣ ቢመስልም ምክንያቱ ሥር ያለው ነው፤ ሥሩም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ከግቢው ውጭ፥ ተመርቆ በተመለሰው ሰው ኑሮና ወደ ግቢው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል በአገራችን ከመሰማቱ በፊት ወሎ ተማሪ የሚጐርፍባቸው የትምህርት ስፍራዎች ነበሩት። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ አገር ተሰብስበዋል፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንደ ነበሩ በገድል ይተረካል። በ19ኛው መቶ ዓመት በቃሉ ምድር፥ ከዛሬይቱ ኮምቦልቻ ሳይርቅ፥ ጌታ በሚባለው ስፍራ ሼኽ ቡሽራ ሲያስተምሩ ደረሳው ከየአቅጣጫው ወደዚያ ያቀና ነበር። በቦሩ ሜዳም መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው የመጻሕፍትን ትርጓሜ ባስተማሩበት ዘመን ሊቅነት የፈለገ ሁሉ ደጃቸውን ጠንቷል፤ በደሴ ከተማ በስማቸው የተጠራ ትምህርት ቤት አለ። በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ተማሪው የተከተለው ሕንጻውን ሳይሆን መምህሩን ነበር። መምህሩ ያለፈ እንደ ሆነና የሚተካው ያልተገኘ እንደ ሆነ ጉባኤው ይበተናል፤ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፥ ኰቸሮውን ቋጥሮ ሌላ መምህር ፍለጋ ይነሣል። እርግጥ ነው፥ ሰለልኩላ በቅዳሴ፥ ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ስማቸው ከአንድ መምህር ዕድሜ አልፎ ጸንቷል፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው ዕውቀቱን ማንም ሳይፈትነው ይታመናል። ዛሬ «የዲፕሎማ ዋጋ» የምንለው ነገር ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ ወላጅ በምርጫው ውስጥ ብዙ ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። የቈሎ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ቤት ጠፍቶ የሚሄድ ነበርና ምርጫውን ማን ያማክረዋል!

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተለወጠ። በደሴ ከፍ ያለ ስም ያገኘው ትምህርት ቤት የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በወይዘሮ ስኂን ስም የተሰየመው ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ በሐረርጌ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከተለ። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ።

ታዲያ የደሴ ሰው ከእነዚህ መካከል አንዱን ከሌላው አብልጦ የወደደው በምን መንገድ ነው? የትምህርት መርሐ ግብሩን መርምሮ አይደለም፤ ሰው አይቶ ነው። የጐንደሩ ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖች በየአውራጃው በተከፈቱት የጤና ጣቢያዎች ሲመደቡ፥ ነጭ ጋዋን ለብሶ በሽተኛ የሚመረምረው ወጣት ትናንት እንደ ሌላው ልጅ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረ መሆኑን የአገሩ ሰው ተመለከተ። የባላገር ልጅ ያለ ዘመድና ያለ ርስት የተከበረ ሰው መሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። በእኛ አስተያየት ለዩኒቨርሲቲው ስም በጠቅላይ ግዛቶች መግነን ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ የሠራው ይህ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ በደሴ ያስተማሩት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች እንግሊዝኛ ይዘው መጡ፤ የአገልግሎቱ ተማሪ ግን ራሱን ይዞ መጣ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመው ወጣት በአማርኛ ቀልዶ፥ ስድስት ኪሎንና ዐራት ኪሎን እየጠራ፥ የመኝታ ክፍሉን፥ የመጻሕፍት ቤቱንና የተማሪዎቹን ክርክር ሲያወራ፥ ልጁ ገና ያላየውን ግቢ አስቀድሞ በልቡ ገባበት።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተከፈተ። ስለ ደርግ ዘመን ምርጫ ብዙ የምንለው የለንም፤ ምርጫውም ብዙ አልነበረምና። ማትሪኩ ያለፈለት ይሄዳል፤ ያላለፈለት ይቀራል። በር ሲጠብ ሰው ወደ የትኛው በር ልግባ ብሎ አይከራከርም።

በሮቹ የበዙት ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ መቀሌ፥ ጐንደር በየተራቸው ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቋቋሙ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ሁለት ግቢ ይዞ ከእነርሱ አንዱ ሆነ። መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር በወሰነ ጊዜ ምህንድስና የአገሩ ሁሉ ሕልም ሆነ፤ ኮምቦልቻም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አገኘች። ከተማይቱ በደርግ ዘመን የቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ስለ ነበረች፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ስለ ተመረቀባት፥ ስፍራው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ይሁን እንጂ ነቢይ በአገሩ አይከበርምና የደሴ ወላጅ በመጀመሪያ ልቡ ያለው ሩቅ ነበር። ለሕክምና ጅማንና ጐንደርን ይጠራል፤ የአዳማና የአዲስ አበባ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ተማሪ መርጠው መቀበል በጀመሩ ጊዜም የእነርሱ ስም ከሁሉ በላይ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተማሪው የፈለጋቸው ፈተናው ስለሚከብድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመልስ በር ውስጡ መልካም ነገር ያለ ያስመስላልና። ቀጥሎም ተመርቀው ያለ ሥራ የተቀመጡ መሐንዲሶች በየሰፈሩ መታየት ሲጀምሩ የምህንድስናው ዝና ቀዘቀዘ፤ ያው ከሃምሳ ዓመት በፊት በጤና መኰንኑ የጨመረው ዝና በመሐንዲሱ ቀነሰ ማለት ነው። የጐረቤት ልጅ ከማናቸውም ጋዜጣ ይልቅ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ከሥራና ከደመወዝ ጋር የተያያዘ አይደለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚገኘው በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። ወዲያው በኅዳር ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች፥ አብዛኞቹ የአማራ ክልል ልጆች፥ በመንገድ ላይ ታገቱ። ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያች ዓመት ወዲህ በወሎ ቤቶች «ጥሩው ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለ«ቅርቡ የትኛው ነው?» ቦታውን ለቀቀ። ትናንት በአገሩ ያልተከበረው ነቢይ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። መምህራኑ ያው፥ ቤተ ሙከራው ያው ነበር፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1167 ገደማ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ተማሪዎቹ ወደ ፓሪስ እንዳይሄዱ በከለከለ ጊዜ ኦክስፎርድ በፍጥነት አደገ። በ1209 ደግሞ በኦክስፎርድ ምሁራንና በከተማው ሰዎች መካከል ደም ያፋሰሰ ጠብ ተነሥቶ የሸሹት ምሁራን ካምብሪጅን መሠረቱ። ዛሬ ዓለም በዕውቀታቸው የሚያከብራቸው ሁለቱ ስሞች መጀመሪያ የገነኑት አንዱ በተዘጋ መንገድ፥ ሌላው በስደት ነው።

ነገር ግን ቅርብ መሆን ሁልጊዜ መጠለያ አይሆንም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ከተሞቹ በኅዳር ማብቂያ እስኪለቀቁ ድረስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ግቢዎች ተዘረፉ፥ ወደሙም። የደሴው ሆስፒታል፥ የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት፥ ከዝርፊያው አልተረፈም። ይህ ጕዳት ገና በመጠገን ላይ ሳለ ሌላው ነገር ተከተለ፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር መሰጠት ጀመረና፥ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ ያገኙት 30,000 ያህል ብቻ ሆኑ። ከመቶ ሦስቱ መሆናቸው ነው። ያለፈውም ጥቂት ስለ ሆነ ሁሉም ዓይኑን ወደ ታላቁ ስም አነሣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ በራሱ ፈተና መቀበል ሲጀምር ያ ስም እንደ ገና ከፍ አለ። ሆኖም 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የደሴና የአዲስ አበባ መንገድ ሰላም የሚሆንበትንና የማይሆንበትን ሰሞን ወላጅ መቍጠር ነበረበት። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች በገብረ ጕራቻ አጠገብ መታገታቸው በተሰማ ጊዜ ያልደነገጠ የተማሪ ወላጅ አለ ብለን አናምንም።

ስለዚህ ወላጁን አላዋቂ የሚሉትን አንደግፍም፤ ልጁን በሕይወት ማግኘት ከማናቸውም ዲፕሎማ ይቀድምበታል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። በፍርሃት ምክንያት የሚሞላ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑን ቢያሻሽልም ባያሻሽልም ተማሪ አያጣም፤ በፍርሃት ምክንያት የተራቈተውም ምንም ቢያሻሽል ተማሪ አያገኝም። የድሮው ደቀ መዝሙርና ደረሳ «ማን ያስተምራል?» ብሎ ይነሣ ነበር፤ ዛሬ በቅጹ ዙሪያ በሚደረገው ምክክር ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አንሰማም። የጐጃሙ፥ የሸዋው፥ የባሌውና የወሎው ልጅ በአንድ የመኝታ ክፍል መገናኘታቸውም ቀርቷል ባንልም በጣም ሳስቷል። ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ለሴት ልጅ ነው፤ ወንድሟ ወደ ጅማ ሲላክ እርሷን «ካልቀረብሽ አትሄጂም» የሚል ቤት ብዙ ነውና፥ ለእርሷ የመንገዱ ደኅንነት ከውጤቷ ጋር እኩል ይመዘናል። ኮምቦልቻ የደረሳት እንደ ሆነ ክርክሩ ያንጊዜውኑ ይቆማል፤ ሻንጣዋን ጭና በሐረጎ ቍልቍለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትወርዳለች፥ ለእሑድ ምሳም ወደ ደሴ ትመለሳለች።