መሐመድ አሚን፦ ከጦር ሜዳ ካሜራ ወደ ፊልም ሥራ

መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ውስጥ ከባቡር ሠራተኛ አባት ተወለደ፤ ያደገው ግን ዳሬሰላም ነው። ተማሪ ሳለ ባገኛት ያገለገለች ካሜራ ፎቶ ማንሣት ጀመረ፤ በ1963 ደግሞ «ካሜራፒክስ» የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ለዜና ወኪሎች ቢሠራም ከዚያ በኋላ ተራ ቅጥረኛ ሆኖ አልኖረም። ኋላ ፕሮዲዩሰር ለመሆን ያበቃውም ይኸው ነው።

በ1964 የዛንዚባርን አብዮት ቀረጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተይዞ አንድ ወር ገደማ በእስር ተሠቃየና ወደ ኬንያ ተባረረ። የኬንያው ፖለቲከኛ ቶም ምቦያ በ1969 ናይሮቢ ላይ በጥይት ሲመታም ፈጥኖ ደርሶ የመጨረሻ ሰዓቱን በካሜራ ያስቀረው አሚን ነው።

ኢትዮጵያውያን «ሰባ ሰባት» ብለው የሚያስታውሱት ረሃብ ስሙን ከዓለም አስተዋወቀው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። ጎህ ሲቀድ ሜዳው በብርድና በጭጋግ ተሸፍኗል፤ እርዳታ ፍለጋ ከየቀዬው የፈለሰው ሕዝብ በቡትቶ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተኮራምቷል። ሌሊቱን ያረፉት ተገንዘው ተጋድመዋል። የአሚን ካሜራ አይጣደፍም፤ ፊት ለፊት እያየ፣ እያንዳንዱን ሰው እንደ ሰው እየተመለከተ በዝግታ ያልፋል። የምስሉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ያሰራጨውን ዘገባ ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍም ይህን አይቶ ባንድ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ የሙዚቃ ቡድን፣ በተከታዩ ክረምት ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት አነሣሣ።

ጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ዜና ግን ለዚያ ሁሉ መከራ አይበቃም። አሚን እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ረሃቡ «የአፍሪካ ቀራንዮ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ፕሮዲዩስ አደረገ። ካሜራፒክስም ከዜና ቀረጻ አልፎ ዘጋቢ ፊልሞችንና መጻሕፍትን የሚያወጣ ተቋም ሆነ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድን «ሰላምታ» መጽሔት ያሳትም የነበረውም እርሱ ነው።

ፕሮዲዩሰር መሆኑ ከአደጋ አላራቀውም። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ወጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ፤ አሚን ግራ ክንዱን አጣ። ሁለት እጅ ለሚሻ ሙያ ይህ ፍጻሜ በሆነ ነበር። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ካሜራውን እንደገና ተሸከመ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ አሚን፣ ሌላው የሥራ ባልደረባው ጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ነበሩ። ካሜራፒክስንና የምስል ክምችቱን ልጁ ሳሊም ተረከበ፤ የአባቱንም ሕይወት «ሞ ኤንድ ሚ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ተረከ።