የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ፤ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ በጠባሳ ወይም በሕመም ምክንያት ብርሃን ማሳለፍ ያቃተውን የዓይን የፊት ክፍል፣ ከሞት በኋላ በልገሳ በተገኘ ጤናማ ብሌን የመተካት ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ ውጤቱን የሚወስነው ግን በይበልጥ ከዚያ በኋላ በወራትና በዓመታት የሚቆጠረው ክትትል ነው። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ሳይሆኑ አሠሪ መሥሪያ ቤቶችም ይህን አስቀድመው ቢረዱት ጠቃሚ ይሆናል።

በተለምዶ ብሌን ሲባል በዓይን መካከል የሚታየውን ጥቁር ክብ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ሕክምና ብሌን የተባለው ግን ኮርኒያ ሲሆን፣ ይኸውም እንደ ሰዓት መስታወት የዓይንን የፊት ክፍል የሸፈነው ጥርት ያለ አካል ነው። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ይህም የሌላ ሰው ብሌን ሲተከል ሰውነት በቀላሉ ለይቶ እንዳያጠቃው ይረዳል። በመሆኑም የለጋሹና የተቀባዩ የደም ዓይነት መመሳሰል በአብዛኛው አስፈላጊ አይሆንም።

የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1905 ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ኦሎሞውትስ ከተማ፣ ኤድዋርድ ዚርም በተባሉ ሐኪም ሁለት ዓይኖቹን ኖራ ላቃጠለው ሠራተኛ የተደረገ ነው። ሁለቱም ዓይኖች ቢታከሙም ጥራቱን ጠብቆ የቆየው የአንዱ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ስውርነት ሥርጭት 1.6 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ከመንስኤዎቹ መካከል የዓይን ሞራ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ የሚመጣ የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ሌሎች የብሌን ጠባሳዎች ደግሞ 7.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ከብሌን ጋር የተያያዘው ችግር በድምሩ አንድ አምስተኛ ያህል ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የማየት ችሎታውን ያጣ ሁሉ በዚህ ሕክምና አይድንም። ሙሉ ዓይን አውጥቶ ተክሎ እይታን መመለስ አይቻልም። ችግሩ ከሬቲና ወይም ከዓይን ነርቭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግላኮማ ነርቩን ጎድቶት ከሆነ፣ ብሌኑን መቀየር ፋይዳ አይኖረውም። በሕፃንነቱ ብሌኑ ጠባሳ ይዞ ያደገ ሰውም አእምሮው በዚያ ዓይን ማየትን ሳይለማመድ በመቅረቱ፣ የተተከለው ብሌን ጥርት ያለ ሆኖ እይታው ሊሻሻል ያልቻለበት አጋጣሚ አለ። ስለሆነም ታካሚው ወረፋ ከመያዙ በፊት ሐኪሙን “ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው የዓይኔ ክፍል ደህና ነውን?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከፍተኛ ውጤት የሚገኘው ኬራቶኮነስ በተባለው ሕመም ነው። ይህ ብሌኑ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት፣ በአብዛኛው ወጣቶችን የሚያጠቃ ችግር ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ10 ታካሚዎች የዘጠኙ ያህል ንቅለ ተከላ ጥራቱን ጠብቆ ይቆያል። በአንጻሩ በትራኮማ የተጎዳ ዓይን አስቸጋሪ ነው። ወደ ውስጥ የተቀለበሰው የሽፋሽፍት ፀጉር አዲሱንም ብሌን መቧጨሩን ይቀጥላል፤ ዓይኑ ይደርቃል፤ በጠባሳው ላይ የበቀሉት የደም ሥሮችም ሰውነት ባዕዱን ብሌን እንዲያጠቃ መንገድ ይከፍታሉ። ስለዚህ የቆብ ቀዶ ሕክምናው ይቅደም ሲባል ታካሚው እንደ ማጉላላት ሊቆጥረው አይገባም።

ብሌኑ የሚገኘው በልገሳ ብቻ ነው፤ በገንዘብ አይገዛም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዚህ ሕክምና ዋነኛ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ብሌኑ ለጋሹ ባረፈ በሰዓታት ውስጥ በሠለጠነ ባለሙያ የሚነሳ ሲሆን፣ የአስከሬኑ ገጽታ አይበላሽም። ለጋሹ ኤች.አይ.ቪ እና የጉበት ቫይረስን ከመሳሰሉ ተላላፊ በሽታዎች ነፃ መሆኑም ይመረመራል። በቀዝቃዛ የማቆያ ፈሳሽ ውስጥ የሚቀመጥ ብሌን ከሁለት ሳምንት በላይ ስለማይቆይ፣ ወረፋ የያዘ ታካሚ ስልኩን ክፍት ማድረግና ቁጥሩን ሲቀይር ማሳወቅ አለበት። ቀላል የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ተፈልጎ ያልተገኘ ሰው ተራው ለሌላ ያልፋል።

በቀዶ ሕክምናው ከሰባት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከተጎዳው ብሌን ተቆርጦ ይወጣና፣ የለጋሹ ብሌን ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። ከብሌኑ ሽፋኖች የተጎዳውን ብቻ የሚተካ ዘዴም አለ። ታካሚው ፋሻው በተነሳ ማግሥት አጥርቶ እንደሚያይ ተስፋ ማድረግ የለበትም። እይታው የሚረጋው ቀስ በቀስ ሲሆን አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስፌቱም የሚወጣው በየደረጃው ነው። ከዚያ በኋላም መነጽር ወይም በዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው።

ዓይኑን ማሸት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ አቧራና የምድጃ ጭስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊወገዱ ይገባል። የቧንቧ ውኃም ሆነ ጸበል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ወደ ዓይን እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተሰፋው ቦታ እንደ ቀድሞው ጠንካራ ስለማይሆን፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ኳስ ወይም ክርን ቢመታው ሊፈነዳ ይችላል።

ከሁሉም የሚብሰው የጠብታ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ሰውነት አዲሱን ብሌን እንዳያጠቃ የሚሰጠው ስቴሮይድ ጠብታ መጀመሪያ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ከዚያም በሐኪም ትእዛዝ እየተቀነሰ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። “ዓይኔ ደህና ሆኗል” ብሎ ማቆም ብሌኑን ሊያሳጣ ይችላል። በሌላ በኩል ይኸው መድኃኒት የዓይን ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ሳይታዩ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መቀጠልም ሌላ አደጋ አለው።

ዓይን ሲቀላ፣ ብርሃን ሲያስጨንቅ፣ እይታ ሲደበዝዝ ወይም ሕመም ሲሰማ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻ መታየቱ ይበቃል። በጊዜ ከተደረሰበት ጥቃቱን በመድኃኒት መግታት ይቻላል። ሰውነት ብሌኑን ማጥቃት የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው ከዓመታት በኋላም ሊሆን ስለሚችል፣ በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ምልክት ታይቶት ፈቃድ ሲጠይቅ ጉዳዩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚያድር አይደለም። ከክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ታካሚ ደግሞ የቀጠሮው ወረቀት አስቀድሞ ለኃላፊው ቢደርስ ለሁለቱም ወገን ይቀልላል።

የተተከለው ብሌን ጥራቱን ቢያጣ ንቅለ ተከላውን እንደገና ማካሄድ ይቻላል። የሁለተኛው ስኬት ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ሲሆን፣ ታካሚውም ወረፋውን እንደ አዲስ ይጠብቃል።